ምዕራፍ 7፦ «ፋይል ምረጥ» የሚለው ቁልፍ

ነቀምቴ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ለሚሠራ ሰው የሚከተለው እንግዳ ነገር አይደለም። አንዲት ተመራቂ ቴምፖራሪዋንና ስቱደንት ኮፒዋን በስልኳ አንስታ ትመጣለች። ፋይሎቹን ለባለቤቱ በቴሌግራም ትልክለታለች፤ ኔትወርኩ እየቆራረጠም ቢሆን ይደርሱታል። እነዚያኑ ፋይሎች፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት የሥራ ማመልከቻ ፎርም ላይ ለማስገባት ሲሞከር ግን እምቢ ይላል። ዘጠና በመቶ ደርሶ ይቆማል። ወይም ነጭ ገጽ ይመጣል። ወይም ብዙ የተደከመበት ስምና አድራሻ ሁሉ ጠፍቶ ፎርሙ ባዶውን ይመለሳል። «ሲስተሙ እምቢ አለ እህቴ፤ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል እንሞክረው» ይላታል ባለቤቱ። ማታም ያው ነው።

ጥፋቱ የኔትወርኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴሌግራሙም ባልሄደ ነበር። አንዱን ያሳለፈ መስመር ሌላውን ለምን ከለከለ? መልሱ ያለው ፎርሙ ላይ «ፋይል ምረጥ» የሚል ጽሑፍ ከያዘው ትንሽ ቁልፍ ጀርባ ነው። ቁልፉ የማይችላቸው ነገሮች አሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ለእኛው ደኅንነት ሲባል የተከለከሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ፎርሙን የሠራው ሰው ትንሽ ቢያስብበት የሚቃለሉ ናቸው። ሁለቱን መለየት የሚችል አመልካች የማይገባውን ጥፋት በራሱ ላይ አያላክክም።

ቁልፉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1995 ነው። ከዚያ በፊት የድረ ገጽ ፎርም የሚቀበለው የተጻፈ ቃልና ምልክት ብቻ ነበር፤ ፋይል ያለው ሰው በኢሜይል አያይዞ ወይም በሌላ መንገድ ለብቻው ይልከው ነበር። ኤርኔስቶ ኔቤልና ላሪ ማሲንተር የተባሉ ሁለት የዜሮክስ ባለሙያዎች አርኤፍሲ 1867 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ሰነድ አዘጋጁ። ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ፎርሙ ላይ ፋይል የሚመረጥበት ሳጥን ይጨመር፤ ብሮውዘሩም ጽሑፉንና ፋይሉን አንድ ላይ አሽጎ በአንድ ጉዞ ወደ ሰርቨሩ ይላከው። ዛሬም፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ተራው ፎርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

«በአንድ ጉዞ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በሂሳብ እንየው። አምስት ሜጋባይት የሆነ ፋይል ወደ 40 ሺህ ኪሎቢት ገደማ ነው። ከስልኩ ወደ ውጭ የሚላክበት ፍጥነት በሰከንድ 200 ኪሎቢት ከሆነ፣ ፋይሉ ተልኮ ለማለቅ 200 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈልጋል። በነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ መስመሩ ለአፍታ ከተቋረጠ፣ የተላከው ሁሉ እንዳልተላከ ይቆጠራል። ቁልፉ የት ድረስ እንደደረሰ አያስታውስም፤ ሰርቨሩም የጎደለ ጥቅል ስለደረሰው ይጥለዋል። ሁለተኛው ሙከራ ከዜሮ ይጀምራል። ለሞባይል ዳታ የተከፈለው ገንዘብ ግን ከዜሮ አይጀምርም፤ አራት ሜጋ ተኩል ሄዶ የተቋረጠ ፋይል አራት ሜጋ ተኩሉን ከፓኬጁ ላይ በልቷል።

ቴሌግራም ይህን አያደርግም። ፋይሉን እያንዳንዳቸው ከ512 ኪሎባይት በማይበልጡ ቁራጮች ከፍሎ ይልካል። አንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ቢጠፋ የሚደገመው ያ ቁራጭ ብቻ ነው፤ የደረሱት እንደደረሱ ይቆያሉ። ስለዚህ ኔትወርኩ አሥር ጊዜ ቢቆራረጥም ፋይሉ ቀስ እያለ ይገባል። በዚያው መስመር ፎርሙ የወደቀበት ምክንያት ይኸው ነው። የተመራቂዋ ፋይል ምንም አልጎደለውም፣ ባለቤቱም ሙያው አላነሰውም፤ ልዩነቱ አንዱ አሠራር ደካማ መስመርን አስቦ መሠራቱ፣ ሌላው አለማሰቡ ነው።

ይህን ለድረ ገጽ ፎርም ማድረግ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ከተቻለም ቆይቷል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡ ብሮውዘሮች ገጹ የተመረጠውን ፋይል እንዲቆራርጥና ቁራጮቹን አንድ በአንድ እንዲልክ ይፈቅዳሉ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ቱስ የሚባል፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል፣ ፋይልን ካቆመበት የሚያስቀጥል አሠራር አለ። ትልልቅ ቪዲዮዎችን የሚቀበሉት እነዩቲዩብና ጉግል ድራይቭም የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ብዙ የማመልከቻ ፎርሞች ግን በ1995ቱ ተራ ሳጥን ላይ ቀርተዋል። ያ ሳጥን ሠሪው ምንም ሳይለፋ የሚያገኘው ነው፤ ሠሪው ያልለፋውን ደግሞ አመልካቹ ይለፋዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፋይሉ በሰላም ተጉዞ ደርሶ «መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ነው» ተብሎ ሲመለስ። ከጊምቢ ቡና የጫነ መኪና አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ እዚያ በር ላይ ጭነትህ ከልክ አልፏል ተብሎ እንደሚመለስ ማለት ነው። ልኩ ጊምቢ ላይ ቢነገረው ኖሮ ሁለት ጆንያ አራግፎ ይነሣ ነበር።

ተራው ሳጥን የፋይሉን መጠን አስቀድሞ የሚገድብበት ምንም መንገድ የለውም። የሚገርመው፣ የ1995ቱ ሰነድ ይህን አስቦበት ነበር፦ ፎርሙ የሚቀበለውን ከፍተኛ መጠን ለብሮውዘሩ ቀድሞ የሚጠቁምበት ምልክት እንዲኖር ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡ ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት የድረ ገጽ ቋንቋ ለፋይል ሳጥን እንዲህ ያለ ገደብ አያውቅም። በዚህ የተነሣ ገደቡ ያለው ሰርቨሩ ዘንድ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ሩቅ ነው።

ሰርቨሩ ዘንድ ያለውንም ገደብ ብዙ ጊዜ ያወጣው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አይደለም፤ ማንም አላወጣውም ማለት ይቀላል። ፒኤችፒ በሚባለው፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች በተሠሩበት ቋንቋ፣ አንድ ፋይል ካልተቀየረ በቀር ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ጠቅላላው ፎርም ደግሞ ከ8 ሜጋባይት። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ታዋቂ ሰርቨር ይብሳል፤ ካልተነካካ የሚያሳልፈው 1 ሜጋባይት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከፋብሪካው እንደወጡ ያሉ ናቸው። ፎርሙን የገጠመው ባለሙያ ካልቀየራቸው፣ አራት ሜጋ የሆነ የስልክ ፎቶ ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ለምን እንደወደቀም የሚነግር የለም።

ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ፎርም ምሥጢርም እዚህ አለ። በፒኤችፒ የተሠራ ፎርም ጠቅላላ መጠኑ ከ8 ሜጋው ገደብ ሲያልፍ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን ብቻ ነጥሎ አይጥልም። ስሙንም፣ የትውልድ ዘመኑንም፣ ስልክ ቁጥሩንም አብሮ ይጥላል፤ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ምንም ነገር ያልተጻፈበት ፎርም ነው። ፕሮግራሙም «ስምዎን አልሞሉም» ብሎ ይመልሳል። አመልካቿ ስሟን ሞልታለች፤ አይታዋለች። ሦስት ፋይሎችን እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ሜጋ አድርጋ ስለጨመረች፣ ድምሩ 9 ስለሆነ ነው የጠፋው። ይህን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ ሊገምት የሚችል ሰው ከሺህ አንድ አይገኝም።

መፍትሔው ግን አጭር ነው። ብሮውዘሩ ፋይሉ ገና ከስልኩ ሳይወጣ መጠኑን ለገጹ መንገር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለትና ሦስት መስመር ኮድ ቢጨመር፣ አመልካቿ ፋይሉን እንደመረጠች ወዲያው «ይህ ፋይል 4 ሜጋ ነው፤ የምንቀበለው እስከ 2 ሜጋ ነው፤ አሳንሰው» የሚል መልእክት ይመጣላታል። አንድ ኪሎባይት ሳይላክ። ይህን ያላደረገ ፎርም ያልተጠናቀቀ ፎርም ነው ብዬ አምናለሁ።

ገደብ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ መደበቁ ላይ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በነቀምቴም፣ በደምቢ ዶሎም፣ በሻምቡም ሕዝቡ የሚያውቀው ዲቪ ነው። ዲቪ ከፖስታ ወጥቶ በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ የሆነው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003፣ ለዲቪ 2005 ምዝገባ ነው። ለዓመታት የወጡት የፎቶ መመሪያዎች ጥብቅ ነበሩ፦ ዓይነቱ ጄፔግ፣ ቅርጹ አራቱም ጎኑ እኩል፣ ስፋቱ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ። ፎርሙም ተከፍቶ እስኪላክ የሚሰጠው 60 ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ግን አስቀድሞ ተጽፎ ይነገር ነበር። ስለተነገረም በየከተማው ያሉ ፎቶ ቤቶች ልኩን በቃላቸው ይዘውታል፤ ገና ፎቶው ሲነሣ «ለዲቪ ነው?» ብለው ይጠይቁና በልኩ አዘጋጅተው በፍላሽ ይሰጣሉ። ባሰላነው ፍጥነት 240 ኪሎባይት ለመላክ አሥር ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ጠባብ ልክ ለደካማ መስመር እንዲያውም ባለውለታ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ስናልፍ ነገሩ ይገለበጣል። አመልካቿ አንድ ቦታ ስትሳሳት፣ ለምሳሌ ከስልክ ቁጥሯ አንድ አኃዝ ብትጎድል፣ ፎርሙ «አስተካክይ» ብሎ ሲመለስ የጻፈችው ሁሉ እንዳለ ሆኖ የፋይሉ ሳጥን ብቻ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ በድጋሚ ይልክና ማመልከቻው ያለ ማስረጃ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን ብሮውዘሩን አልወቅስም። አንድ ድረ ገጽ የፋይል ሳጥኑን ራሱ መሙላት ቢችል ኖሮ፣ ተንኮለኛ ገጽ ሳታውቁት ከኮምፒውተራችሁ ላይ የፈለገውን ፋይል ስሙን ጽፎ ይወስደው ነበር። ስለዚህ ሕጉ ጽኑ ነው፦ ፋይል የሚመርጠው የሰው እጅ ብቻ ነው። ገጹ ፋይሉ የተቀመጠበትን ፎልደር እንኳ እንዳያውቅ ብሮውዘሩ እውነተኛውን አድራሻ ደብቆ የውሸት አድራሻ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ ጥበቃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መናገር አያሻም።

ፎርም ሠሪው ይህን ሕግ ሳይጥስ አመልካቿን ሊረዳት ይችላል። መጀመሪያ የተላከውን ፋይል ሰርቨሩ በጊዜያዊነት ይዞ፣ ገጹ ሲመለስ «ስቱደንት ኮፒሽ ደርሶናል» ብሎ ቢያሳያት ሌላ ሦስት ደቂቃ አትጠብቅም፤ ሌላ ዳታም አትከፍልም።

ስለ ፋይል ዓይነትም ጥቂት ልበል። ሳጥኑ «ፒዲኤፍ ብቻ» ተብሎ ሲሠራ የሚያደርገው ሌሎቹን ከዓይን መሰወር ነው። «ሁሉንም ፋይሎች አሳይ» ብሎ ለሚመርጥ ሰው ምንም አይከለክልም፤ እውነተኛው ፍተሻ መካሄድ ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በየኢንተርኔት ቤቱ የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፦ የፎቶውን ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ቅጥያ ፒዲኤፍ ብሎ መቀየር። ይህ አይሠራም። የፋይል ማንነት ያለው ስሙ ላይ ሳይሆን ውስጡ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ ነው፤ ጥሩ ሰርቨር የሚያነበው እነሱን ነው። ከ2017 ወዲህ ያሉ አይፎኖች ደግሞ ፎቶን ሄይክ በሚባል ሌላ ዓይነት ያስቀምጣሉ፤ ከዲያስፖራ ዘመድ በተላከ ስልክ የተነሣ ማስረጃ በብዙ ፎርም ላይ የሚወድቀው ስለዚህ ነው። የስልኩን ካሜራ ማስተካከያ ከፍቶ «ይበልጥ ተስማሚ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

የቴሌግራሙ ነገርም ሌላ ገጽታ አለው። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። ለጉርድ ፎቶ ደግ ነው፤ ለስቱደንት ኮፒ ግን ውጤቶቹ የተጻፉባቸው ትንንሽ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ማስረጃ ሲሆን «እንደ ፋይል» ላኩ።

ስካን የምታደርጉም ከሆነ ሂሳቡን እወቁት። አንድ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። በቀለም ከሆነ፣ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ነው፤ በጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ከ1 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል። «እንግዲያው ሁሉን በጥቁርና ነጭ» እንዳንል ግን፣ እኛ አገር የወረቀትን እውነተኝነት የሚመሰክረው የማኅተሙ ቀለም ነው። ሰማያዊው ማኅተም ጥቁር ሆኖ ሲወጣ «ኮፒ ነው» ተብሎ ይጣላል። የሚሻለው ቀለሙን መተው አይደለም፤ ቀለሙን ጠብቆ ወደ 150 ዲፒአይ መውረድ ነው። ነጥቦቹ ወደ ሩብ ይወርዳሉ፤ ጽሑፉም ማኅተሙም ይነበባል።

ማንም የማይጠረጥረው እንቅፋት የፋይሉ ስም ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ሊነክስ ላይ የሚሠሩ ሰርቨሮች ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ስለሆነ፣ በአማርኛ 85 ፊደል ይሆናል። ይህ በቂ ይመስላል። አንዳንድ ፕሮግራም ግን የአማርኛውን ስም ለድረ ገጽ አድራሻ ወደሚመች ኮድ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆንና ከ28 ፊደል ያለፈ ስም አይገባም። «የወሊሶ ሆስፒታል የሥራ ልምድ ማስረጃ» ብሎ በደንብ የሰየመ ሰው ወደ ልኩ ተጠግቷል ማለት ነው፤ የራሱን ስምና የአባቱን ስም ቢጨምርበት ሊያልፍ ይችላል።

በቁቤ የሚጻፉ ስሞችም ከዚህ አያመልጡም። ናኦል የሚለው በወለጋ የተለመደ ስም በቁቤ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁዳ፣ ያቺ ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት፣ አለችው። በጥንቃቄ ያልተሠራ ፕሮግራም ያቺን ጭረት የጽሑፍ መዝጊያ ምልክት አድርጎ ይወስዳትና ይሰናከላል። ልጁ የገዛ ስሙን በትክክል ስለጻፈ ማመልከቻው ይወድቃል። ሰርቨሩ ለተቀበለው ፋይል ራሱ ቁጥር ሰጥቶ የአመልካቹን አጠራር በመዝገብ ላይ ብቻ ቢይዝ ይህ ሁሉ አይደርስም። ይህ የአገራችንን ሰዎች ስም የማክበር ጉዳይ ስለሆነ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መስመር ካለ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 3 ቀን 2020 ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ሞባይልም፣ መደበኛ ስልክም፣ ኢንተርኔትም ተቋርጠው እንደነበር፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ስልክ የሚሠራው በትልልቆቹ ከተሞች ብቻ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በማርች 2020 ዘግቧል። መስመሩ የተመለሰው ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። በነዚያ ወራት «በኦንላይን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ አስቦበትም ሆነ ሳያስበው፣ የእነዚህን ዞኖች ሰው ከውድድሩ አስወጥቷል። በፖስታ ወይም በአካል የሚቀርብበት ሁለተኛ በር ሳይከፍቱ ፎርም ብቻ መክፈት ተገቢ አይደለም።

ለአመልካቾች የምለው አጭር ነው። ፋይላችሁን ከቤት ሳትወጡ ከ1 ሜጋ በታች አድርጉ፤ ስሙን አጭር፣ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ፤ ፎርሙ ስህተት ብሎ ከመለሳችሁ ፋይሉን እንደገና መምረጣችሁን አረጋግጡ፤ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

ለፎርም ሠሪዎች ግን አንድ ልመና አለኝ። የሠራችሁትን ፎርም በቢሮ ዋይፋይ ብቻ ሞክራችሁ አትልቀቁት። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኡኬ ላይ ያለ ሰው በርካሽ ስልክና በሞባይል ዳታ እንደሚሞላው አድርጋችሁ፣ መስመሩን ሆን ብላችሁ መሐል ላይ እያቋረጣችሁ ሞክሩት። የምትቀበሉትን መጠንና ዓይነት ከቁልፉ አጠገብ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉት።